የሸክላ መርፌ

ሐይማኖት ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ በሁለት ክራንች ትሄዳለች። የስፌት መኪናዋንም በእግሯ ሳይሆን በእጇ እያሽከረከረች ነው የምትሰፋው። ከተወለደች ጀምሮ አጥንቷ በትንሽ በትልቁ ይሰበራል። አንድ ጊዜ አስነጥሷት ብቻ የጎን አጥንቷ ተሰንጥቋል። አዲስ አበባ የመረመሯት ሐኪም ከአባቷ የወረሰችው በሽታ መሆኑንና ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት ገና እንዳልተገኘ ነግረዋታል። የዓይኗ ነጭ ክፍል ወደ ሰማያዊ የሚያደላውም በዚሁ በሽታ የተነሳ ነው።

ታዲያ ሐይማኖት አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ሱቋ ውስጥ ከስፌት መኪናው ድምፅ ይልቅ ሳቋ ነው የሚሰማው። ሊያቅፋት ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ "ቀስ! ዕቃው ይሰበራል!" ትለዋለች።

የጥምቀት ማግስት፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ አክስቷን እትዬ ውባለምን ልትጠይቅ ወደ ቀወት ገጠር ወረደች። የወሰዳት ተመስገን ነው። ተመስገን ባለ ባጃጅ ነው፤ ሌላ ተሳፋሪ ሲይዝ እንደ ንፋስ የሚበር፣ ሐይማኖትን ሲይዝ ግን አህያ የሚቀድመው ሾፌር። በዚያን ቀንም የአስፋልቱን መንገድ ለቀው ኮረኮንቹ ላይ ሲወጡ ማሽላ የጫኑ አህዮች አልፈዋቸው ሄዱ።

"ኧረ ተመስገን፣ በዓሉ ሳያልፍ እንድረስ!" አለችው።

"ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ እየጠራሁ ነው የምነዳው፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አላት።

ሲደርሱ ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል። ሐይማኖት ግን ዓይኗ ያረፈው በግቢው ጥግ፣ ከማሽላው አገዳ ክምር ሥር ነው። አንዲት ትንሽ ነጭ ግልገል በጎኗ ተጋድማለች። የፊት እግሯ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። የእትዬ ውባለም ባል ጋሽ ለማ ቢላዋ ይዘው ከአጠገቧ ቆመዋል።

"ምን ሆና ነው ጋሽ ለማ?"

"ምን አውቄ ልጄ! ማንም አልመታት፣ የትም አልወደቀች። ልትነሳ ስትል እግሯ ቀጭ አለ። ዘንድሮ እንዲህ ስትሆን ይህቺ ሦስተኛዋ ናት። ጎረቤቱ ዓይን በልቷቸው ነው ይላል። ከምትሰቃይ ብዬ ነው።"

ሐይማኖት ክራንቿን አስቀምጣ በቀስታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ግልገሏን እግሯን ይዛ ሳይሆን ነጠላዋን በሆዷ ሥር አሳልፋ ወደ ጭኗ ሳበቻት። እሷን ራሷን እናቷ ስታነሳት እንዲህ ነበር የምታነሳት። ከዚያ የግልገሏን ፊት ቀና አድርጋ ዓይኗን ስታይ ደነገጠች። የግልገሏ የዓይን ነጭ ሰማያዊ ነው፤ እንደ ራሷ ዓይን።

"ጋሽ ለማ፣ ቢላዋውን ያስቀምጡልኝ" አለች። "ይህቺ ዘመዴ ናት።"

ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ውባለም ከማጀት ወጥተው፣ "ምንድን ነው የምታስለቅሷት በበዓል ቀን?" ብለው ተቆጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ግልገሏንም የወንድማቸውን ልጅም ተራ በተራ አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "እውነቷን እኮ ነው፤ የወንድሜ ዓይን!" አሉ።

ማታ ግልገሏ በባጃጁ ኋላ ወንበር፣ በሐይማኖት ጭን ላይ ሆና ሸዋ ሮቢት ገባች። ተመስገን በመስታወቱ እያየ፣ "አሁን ሁለት ሆናችሁ፤ ነገ ጠዋትም አንደርስ" እያለ ነዳ። ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሸክላ አላት።

በማግስቱ ሐይማኖት ሸክላን ይዛ ወደ ከተማው የእንስሳት ክሊኒክ ሄደች። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ኑርሃን ትባላለች፤ የአጣዬ ልጅ ናት። ሻሿን ወደ ኋላ ሸብ አድርጋ በሬ ስትወጋ ሰው ቆሞ ያያታል።

"ዶክተር፣ እርስዎ ይስቁብኝ ይሆናል" ብላ ጀመረች ሐይማኖት፤ "ግን ይህቺ በግ የእኔ በሽታ ያለባት ይመስለኛል።"

ኑርሃን አልሳቀችም። የሸክላን ዓይን በባትሪ አየች። ቀጥላ የሐይማኖትን አየች። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ 'እርስዎ' የሚለውን ተይው፤ እኩያሽ ነኝ" አለቻት። "ሁለተኛ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። በሽታው በሰው ብቻ አይደለም የሚገኘው፤ በበግም በውሻም በአይጥም ይወለዳል። እኔ ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሱብሐነላህ! እዚሁ አፍንጫችን ሥር!"

ደም ወስዳ ደብረ ብርሃን ላለ፣ አብረዋት የተማሩ ሰዎች ለሚሠሩበት የምርምር ቡድን ላከች። መልሱ ሲመጣ እሷ ራሷ ሱቁ ድረስ እየሮጠች መጣች። እውነት ነው፤ በሽታው የአጥንት ነው፣ በዘር የሚተላለፍ። ጋሽ ለማ ለብዙ ዓመት አንድ አውራ በግ ብቻ ይዘው ኖረዋል፤ አውራው ከገዛ ልጆቹ ጋር ሳይቀር ሲዳቀል ነው የተደበቀው ነገር የወጣው። አውራው ለጎረቤቶችም ያገለግል ስለነበር በመንደሩ ውስጥ ተፈልጎ ከራሷ ከሸክላ ጋር ስምንት እንዲህ ያሉ ግልገሎች ተገኙ።

የደብረ ብርሃኖቹ ደግሞ እንዲህ ዓይነት እንስሳ ሲፈልጉ ነው የኖሩት። አጥንት ያጠነክራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት አንድ አዲስ መርፌ አለ። በአይጥ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። የአይጥ አጥንት ግን ትንሽ ነው፤ ቆሞ የሚሸከመውም ክብደት የለውም። ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት ትልቅ እንስሳ ላይ መታየት አለበት።

በጋሽ ለማ ግቢ ስብሰባ ተደረገ። ጋሽ ለማ ነገሩን ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ ለበግ ራጅ ልታነሱ ነው? እኔ ባለፈው ዓመት ወገቤን ሲያመኝ ራጅ ለመነሳት ስንት ቀን ተሰልፌያለሁ!"

"ጋሼ፣ በበጎቹ ካልታየ ለሰው አይደርስም" አለቻቸው ኑርሃን። "ለእርስዎ ወገብ ባይሆን ለሐይማኖት አጥንት ይሁን።"

ጋሽ ለማ ሐይማኖትን አዩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ለበረቱ የሚሆነውን ቦታ በምርኩዛቸው ጫፍ መሬት ላይ ማስመር ጀመሩ።

በረቱ ከማሾ ማሳቸው አጠገብ ተሠራ። ሐይማኖት ወለሉ ወፍራም የጤፍ ጭድ እንዲነጠፍበት አደረገች። ለያንዳንዱ ግልገልም ከድሮ ብርድ ልብስ ማንሻ ሰፋች፤ በሆዳቸው ሥር ገብቶ በሁለት እጀታ የሚያዝ። ኑርሃን ያንን ስታይ፣ "አንቺ እኮ ከእኛ ጋር መሥራት አለብሽ" አለቻት። እንዲህ ሆኖ ሐይማኖት ጠዋት ጠዋት የግልገሎቹ ተንከባካቢ፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊ ሆነች። ተመስገንም ጉድጓዶቹን እየጠራ ያመላልሳት ጀመር።

ሥራው ሲጀመር ኑርሃን የክትባት ሳጥኗን ከፍታ ትንንሽ ብልቃጦች አሳየቻት። ግማሾቹ ቢጫ ክዳን፣ ግማሾቹ አረንጓዴ ክዳን አላቸው።

"አራቱ ግልገሎች ከቢጫው ይወጋሉ፤ አራቱ ከአረንጓዴው። በአንደኛው ውስጥ መድኃኒቱ አለ፤ በሌላኛው ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው።"

"የትኛው ነው መድኃኒቱ?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? ሐኪሟ አንቺ አይደለሽ?"

"እንዳላውቅ ተብሎ ነው። ባውቅ አዳላለሁ። መድኃኒት የወሰደውን ሳይ የሌለ ጥንካሬ ይታየኛል። አንቺም እንደዚያው። የሚያውቁት ደብረ ብርሃን ያሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱም እስኪያልቅ አይነግሩንም።" ኑርሃን ብልቃጦቹን ሳጥኑ ውስጥ ወዳለው በረዶ እየመለሰች ጨመረች፤ "ሌላም የማልደብቅሽ ነገር አለ። በመጨረሻ ከየወገኑ አንድ አንድ በግ አስተኝተን አጥንቱን ማየት አለብን። አይሰቃዩም፤ ግን አይመለሱም። ይህን አውቀሽ ግቢበት።"

ሐይማኖት ሸክላን እያሻሸች ቆየችና፣ "ቀድመሽ ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ" አለች።

ዕጣ ወጣ። ለሸክላ አረንጓዴ ደረሳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግምት ነው። መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ከግልገሎቹ አንዱ፣ ሐይማኖት ጎበዜ ያለችው ጥቁር ጠቦት፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ፈጣንና ደረቱን የሚነፋ ነበር፤ የሚወጋውም ከቢጫው ነው። እትዬ ውባለም በየሳምንቱ፣ "ቢጫው ነው፤ ለዚህ ምን ሐኪም ያስፈልጋል? ጎበዜን አታዩትም?" ይላሉ። ጋሽ ለማም በዚህ በዚህ እንኳ ከሚስታቸው ጋር ተስማሙ። ተመስገን ብቻ ሐይማኖት ደስ እንዲላት ብሎ፣ "እኔ አረንጓዴ ነኝ" ይላል። እንደማያምንበት ግን ከዓይኑ ያስታውቃል።

ሐይማኖትም በልቧ ከእነ እትዬ ውባለም ጋር ነበረች።

በግንቦቱ ሙቀት፣ ኑርሃን መርፌ ልትሰጥ በመጣችበት ቀን፣ ሸክላ ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ያ የጥምቀቱ እግሯ እንደገና ተሰበረ። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ኑርሃን ደርሳ በጀሶ አሰረችላት። ሐይማኖት የሸክላን ጭንቅላት ይዛ ነበር።

"አረንጓዴው ውሃ ነው! አታዪም? ቢጫውን ስጫት ኑርሃን፤ ዛሬውኑ!"

"አልችልም።"

"ይህን ስብራት አንቺ አታውቂውም! እኔ ነኝ የማውቀው!"

"አላውቀውም፤ እውነትሽን ነው" አለች ኑርሃን በለሰለሰ ድምፅ። ሌላ ነገር ከመጨመሯ በፊት አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ላሙ ምጥ ይዟት ጥጃው ተሰንቅሮባታል። ኑርሃን መሣሪያዋን አንጠልጥላ ተነሳች። የክትባት ሳጥኑን ቁልፍ ለሐይማኖት ሰጥታ፣ "በረዶው እንዳይቀልጥ ከጥላው አታውጪው" ብላ ሄደች።

ሐይማኖት ከሳጥኑና ከሸክላ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ሳጥኑን ከፈተችው። ቢጫ ክዳኖቹ ከበረዶው መሐል ብቅ ብቅ ብለዋል። አንዱን አነሳች፤ ቀዝቃዛ ነው። መርፌ አጠገቧ አለ፤ አወጋጉን ከኑርሃን አይታ ለምዳዋለች። ማንም አያያትም። ሸክላ በጀሶ የታሰረ እግሯን ዘርግታ ታያታለች።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አብራት ተኝታ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ትዝ አለቻት። ሁለቱም እግሮቿ በጀሶ ሆነው፣ ሐኪሞቹ በገቡ ቁጥር፣ "መድኃኒቱ መጣ?" ብላ የምትጠይቅ ልጅ። ሐይማኖት ብልቃጡን በእጇ ይዛ አሰበች። አሁን ቀላቅዬ ብወጋት የሸክላ አጥንት የማንን ወሬ ያወራል? ያቺ ልጅ አንድ ቀን መርፌው ቢሰጣት፣ የሚሰጣት በእኔ ውሸት ላይ ተመሥርቶ አይደለም ወይ?

ብልቃጡን መልሳ በረዶው ውስጥ ቀበረችው። ሳጥኑን ቆለፈች። ከዚያ ሸክላን አቅፋ በደንብ አለቀሰች።

ኑርሃን ክንዷ ድረስ ደም በደም ሆና፣ እየሳቀች ተመለሰች፤ ጥጃው በሕይወት ወጥቷል። ሐይማኖት ሳትጠየቅ ነገረቻት፤ ሳጥኑን መክፈቷንም ብልቃጡን ማንሳቷንም።

"ቁልፉን ውሰጂው" አለቻት ዘርግታ።

ኑርሃን ቁልፉን አየችው። "አንቺ ጋ ይሁን" አለች። "ከእኔ ይልቅ አንቺ ጋ የሚጠበቅ ይመስለኛል።" ከዚያ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ሁሉም ግልገሎች ተራቸውን ጠብቀው ተወጉ። ሸክላም ከአረንጓዴው።

ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሲል ሙከራው አለቀ። ከየወገኑ የሚተኙት በጎች በዕጣ ተለዩ፤ ከአረንጓዴዎቹ አንዷ ግራጫ በግ፣ ከቢጫዎቹ ደግሞ ጎበዜ። ያን ቀን ሐይማኖት ለሁለቱም ለስላሳ የማሾ ቅጠል በእጇ አበላች። ጎበዜ እስከ መጨረሻው ደረቱን ነፍቶ እየተንጎማለለ ወደ መኪናው ሄደ። ጋሽ ለማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ተመስገን ሐይማኖትን ወደ ቤቷ ሲመልሳት አንድም ቀልድ አልተናገረም።

ኑርሃን የቀሩትን በጎች ራጅ ይዛ ደብረ ብርሃን ወጣች። ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟት ቆይታ ኖሮ የተመለሰችው በማግስቱ ነው። ከመኪናዋ ሳትወርድ ጥሩምባውን ታስጮህ ጀመር። እትዬ ውባለም ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ።

"ምንድን ነው? ንገሪን!" አለች ሐይማኖት።

ኑርሃን ሁለት ትልልቅ የራጅ ፊልሞች አወጣችና በፀሐዩ ላይ ዘረጋቻቸው። አንደኛው ላይ አጥንቱ እንደ ሸረሪት ድር ሳስቶ ይታያል። ሌላኛው ላይ ዳርና ዳሩ ነጭ፣ ወፍራም ነው።

"ይህ የሳሳው ከቢጫዎቹ ነው፤ ጨው ውሃ ሲወጉ ከነበሩት። ይህኛው..." አለችና ሐይማኖትን አየቻት፤ "ይህኛው የሸክላ ነው። መድኃኒቱ አረንጓዴው ነበር!"

ሐይማኖት ፊልሙን ተቀብላ በፀሐዩ ላይ ደጋግማ አየችው።

"ታዲያ ለምን ተሰበረች?" አለች ሐይማኖት።

"ያን ጊዜ መድኃኒቱ ገና መሥራት አልጀመረማ! በዚያ ላይ የተሰበረው የድሮው ስብራት ነው። ስብራት ጨርሶ አላቆመም፤ ይህን አልዋሽሽም። ግን የአረንጓዴዎቹ አጥንት ሁሉ ወፍሯል፤ የአራቱም።"

"ጎበዜስ?" አሉ እትዬ ውባለም።

"ጎበዜ ውሃ ነበር የሚወጋው እትዬ። ጉብዝናው የራሱ ነበር።"

ሐይማኖት ድንገት ነገሩ ገባትና ዓይኗን አፈጠጠች። "ቆይ፣ ታዲያ እኔ ያን ቀን ከሳጥኑ ያነሳሁት..."

"ጨው ውሃ ነው!" አለች ኑርሃን። "ሸክላን መድኃኒቷን ከልክለሽ ጨው ውሃ ልትወጊያት ነበር!"

ሐይማኖት ሳቀች፤ ጎኗን ደግፋ፣ እንዳይሰነጠቅ እየፈራች ሳቀች። እትዬ ውባለም ነገሩን ያን ጊዜ ነው የሰሙት፤ በመጀመሪያ ሊቆጡ ፈለጉ፣ ከዚያ እሳቸውም በሳቅ ተሸነፉ። ተመስገን ደግሞ ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አረንጓዴ ነኝ ብያለሁ፤ ምስክር አለኝ!" እያለ በግቢው ዞረ።

ሳቁ ሲበርድ ሐይማኖት ኑርሃንን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት።

"ለእኔ መቼ ነው?"

"ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ብዙ በጎች፣ ከዚያ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች፣ ከዚያ ሌሎች። ላይሳካም ይችላል። ውሸት ተስፋ አልሰጥሽም።"

"እሺ" አለች ሐይማኖት። "ፈቃደኛ ሰዎች ሲባል ግን ስሜን እንዳትረሺ። ከዚያ በፊት ቢጫዎቹ ሦስቱ ደግሞ ከአረንጓዴው ይወጉ፤ አሁን አውቀናል፤ ማዳላት ይፈቀዳል።"

"ኢንሻላህ፤ ከነገ ጀምሮ" አለቻት ኑርሃን።

መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ማሾው አፍርቶ ለለቀማ ሲደርስ፣ ሐይማኖት ሱቋ ውስጥ የሠርግ ቀሚስ እየዘመዘመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ለማ ናቸው።

"ነይ በጎችሽን ሰብስቢ!" አሉ ቁጣ ባነቀው ድምፅ። "አጥሩን ዘለው ማሾዬን እየፈጁት ነው!"

"ዘለው? ጋሽ ለማ፣ ዘለው ነው ያሉኝ?"

"ዘለው እልሻለሁ! ያቺ ሸክላሽ ናት መሪያቸው! እኔ ሽማግሌው እነሱን ላባርር ስል ወገቤን ያዘኝ!"

ሐይማኖት ቀሚሱን ጥላ ክራንቿን አነሳች። ስትደውልለት ተመስገን ባጃጁን አስነስቶ በር ላይ ደረሰ፤ መንገዱን ሁሉ ሐይማኖት ለኑርሃን ስልክ ደውላ፣ "ዘለሉ! ኑርሃን፣ ዘለሉ እኮ!" ትላለች። ሲደርሱ ሸክላ በማሾው መሐል እስከ ሆዷ ገብታ፣ ከአፏ ጫፍ እሸት ተንጠልጥሎ ቆማለች። እትዬ ውባለም በአንድ በኩል፣ ጋሽ ለማ በሌላ በኩል ሊከቧት ይሞክራሉ። ተመስገን ጫማውን አውልቆ ማሳው ውስጥ ገባ። ሸክላ አየችው፤ ጠበቀችው፤ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ነጥራ አመለጠችው። በአራት እግሯ አርፋም ሽምጥ ጋለበች።

"ምን አባቱ፣ ይህ መድኃኒት ለእኔም ወገብ ይታዘዝልኝ!" ብለው ጋሽ ለማ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሐይማኖት ግን ማሳው ዳር በክራንቿ ላይ ተደግፋ፣ "አትያዛት ተመስገን! ትንሽ ትሩጥ፤ ትንሽ ብቻ!" እያለች ትጮኽ ነበር።